ታቦቱ ሳይደርስ የቆመበት ከተራ

ጥድ በር ጊዮርጊስ ከደጀ ሰላሙ ወጥቶ ቁልቁለቱን ሲይዝ፣ ቄስ ከበበውን ከራሳቸው ላይ ካለው ታቦት ይልቅ የከበዳቸው ከእግራቸው ሥር ያለው ምንጣፍ ነበር። እስከ ዐምና ድረስ የሰፈሩ ወጣቶች ያነጥፉት የነበረው ከየቤቱ የተለመነ ምንጣፍ ነው፤ አንዱ የሳሎን፣ አንዱ የመኝታ ቤት፣ አንዱ ደግሞ ጫፉን አይጥ የበላው። ዘንድሮ ግን ወጥ የሆነ ቀይ ምንጣፍ መጣ። የመጣው ከወረዳው መሰብሰቢያ አዳራሽ ነው። ሹማምንት ሪባን ሊቆርጡ ሲሄዱ የሚረግጡትን ምንጣፍ ታቦት እንዲሄድበት አዋሱት፤ ያም እንደ ትልቅ ውለታ ተቆጥሮ በድምፅ ማጉያ ምስጋና ቀረበለት።

ዘመኑን ላልኖረበት ሰው ልንገር። ሁለት ሺህ ዐሥራ ሰባት ዓመተ ምሕረት ነው። አዲስ አበባ በአንድ እጇ የምታፈርስበት በሌላው የምትገነባበት ዓመት ነበር። ከጎፋ እስከ ሀና ማርያም፣ ከዚያም እስከ ጀሞ፣ ማታ የነበረ አጥር ጠዋት የለም፤ ጠዋት ያልነበረ የመብራት ምሰሶ ማታ ቆሞ ያበራል። ስንት ዘመን የኖረ ጥድ ይቆረጥና በምትኩ ዘንባባ ይተከላል። ዘንባባው ይደርቅና ሌላ ዘንባባ በመኪና ይመጣል። የጥድ በር ጥዶችም ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ተነሥተው እስከ ወንዙ ድረስ የሚወርዱ ነበሩ፤ ለእግረኛ መንገድ ተብሎ ተመነጠሩና ግራና ቀኝ ጉቶ ብቻ ቀረ። ደብሩ ስሙን ይዞ ጥዱን አጣ። የደብሩ አስተዳዳሪ መልአከ ገነት ኢያቄም ያን ጊዜ አንድ ቃል አልተነፈሱም። መንገዱ ሲመረቅ ግን ተገኝተው መርቀዋል።

አሁን መልአከ ገነት ከታቦቱ ፊት ፊት ይሄዳሉ። ካባቸው ወርቀ ዘቦ ነው፤ የመስቀላቸውን ጫፍ በሐር መሐረብ ጠቅልለዋል። ከጎናቸው የወረዳው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሲራክ ነጠላውን መስቀለኛ ለብሶ ይራመዳል። ነጠላው ከሱፉ በላይ ነው፤ በግራ ትከሻው በኩል የባጁ ማንጠልጠያ ሾልኮ ይታያል። ሁለቱ በየጊዜው ይተያዩና ሕዝቡን ያያሉ። ቄስ ከበበው ሁለቱንም ከኋላ እያዩ ይከተላሉ።

ነገሩ የተጀመረው በዚያው ሳምንት በአስተዳዳሪው ቢሮ ነው። መልአከ ገነት አስጠርተዋቸው ሲገቡ፣ ሲራክ ለስላሳው ወንበር ላይ ሰምጦ፣ ሌላው የደብሩ ካህን ቄስ እንግዳ ደግሞ ጥግ ይዞ ሻዩን እያማሰለ አገኟቸው።

«ይቀመጡ ቄስ ከበበው» አሉ መልአከ ገነት። «ታች ያለውን የነግዛውን ግቢ ያውቁታል አይደል?»

«ችግኝ ጣቢያውን? እንዴት አላውቀውም። ግቢያችን ያለው ኮሶና ዋንዛ ከዚያ አይደል የመጣ።»

«እሱ ቦታ ለወንዝ ዳር ልማቱ ይፈለጋል፣ አባታችን» አለ ሲራክ። «ሰዎቹ ፍርድ ቤት ሄደው እግድ አወጡብን። ክርክሩ ማለቂያ የለውም። እኛ ደግሞ በበጀት ዓመቱ ማስረከብ አለብን።»

«እና እኔ ዳኛ ነኝ እንዴ፣ ልጄ?»

መልአከ ገነት ሳቅ አሉ። «ዳኛስ አይደሉም። ግን ዘንድሮ ታቦቱን የሚሸከሙት እርስዎ ነዎት።»

ቄስ ከበበው ወዲያው አልገባቸውም። የገባቸው ቀስ እያለ ነው፤ የተበላሸ ምግብ ከዋጡት በኋላ እንደሚታወቀው። ታቦት በመንገድ ላይ አልሄድም ብሎ መቆሙ በአገራችን የታወቀ ነው። ካህኑ እግሩን ማንሣት ያቅተዋል፤ ሕዝቡ ይንበረከካል፣ ምሕላ ይያዛል፣ ምን በደልን ተብሎ ይጠየቃል። ቄስ ከበበው ራሳቸው ልጅ ሆነው በትውልድ አገራቸው በቡልጋ አይተዋል። ደም የተቃቡ ሁለት ወንድማማቾች መንገዱ ላይ እስኪታረቁ ድረስ ታቦቱ ቆሞ ሲጠብቅ አይተው፣ ክህነትን የተመኙት ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። አሁን ያንን ቅዱስ ነገር ሁለት ሰዎች በሻይ መሐል ያወሩበታል።

«ከነግዛው በር ላይ ቢቆም» አሉ መልአከ ገነት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሕዝቡ የሚለውን ሕዝቡ ይላል። እኛ ምንም አንናገርም።»

«ያኔ የሕዝብ ጥያቄ ይሆናል» አለ ሲራክ። «የሕዝብ ጥያቄን ደግሞ መንግሥት ይመልሳል። የግቢው ላይኛው ለጥምቀተ ባሕር፣ ታችኛው ለመናፈሻው። ሁላችንም ደስ ይለናል።»

«ዙሪያውን አጥሩን ሱቅ እናደርገዋለን» ሲል ቄስ እንግዳ ከጥጉ ጨመረ።

«ሰዎቹስ?» አሉ ቄስ ከበበው።

«ጴንጤዎች እኮ ናቸው» አሉ መልአከ ገነት፣ ነገሩ በዚህ ያለቀ ይመስል።

«ታቦት የሚቆመው ራሱ ሲፈቅድ ነው፣ አባታችን።»

«እሱማ እሱ ነው። ግን ተሸካሚም ይደክመዋል።»

ቄስ ከበበው እምቢ ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ቄስ እንግዳን አዩት። ቁም ቢሉት የሚቆም፣ ውደቅ ቢሉት የሚወድቅ ሰው ነው። እሳቸው አልሸከምም ቢሉ ታቦቱ የሚያርፈው በዚህ ሰው ራስ ላይ ነው፤ የነግዛውም ቤት በዚያው አለቀለት። ስለዚህ እጅ ነሥተው ዝም ብለው ወጡ። ዝምታቸውን እነዚያ እሺታ ነው ብለው ተረጎሙት። ተሸክሜ ቀጥ ብዬ አልፋለሁ፣ ማንም ታቦት የተሸከመን ካህን ይዞ አያቆምም፣ ብለው ነበር የወሰኑት ቄስ ከበበው።

እንግዲህ ይኸው ተሸክመው ይወርዳሉ። ታቦት የተሸከመ ካህን ከመንበሩ ካነሣበት እስኪያሳርፍ ድረስ አይናገርም፤ ወደ ኋላም አይዞርም። ከበሮው ይመታል፣ መቋሚያው ይወዛወዛል፣ የሰንበት ተማሪዎቹ ይዘምራሉ። ከወንዙ ማዶ የጀሞ ኮንዶሚኒየሞች ልብስ ያሰጡበትን በረንዳቸውን ወደዚህ መልሰው ይታያሉ። ሚኒባሶች ሞተራቸውን አጥፍተው ዳር ይዘዋል፤ ረዳቶች ከበር ወርደው ያማትባሉ። ሕዝቡ የደስታ ፊት ነበረው። ይህ ሕዝብ ምን አጠፋ፣ ይሉ ነበር ቄስ ከበበው በልባቸው፤ ነጭ ለብሶ ጾሙን ውሎ የመጣን ሰው ለመሬት ሌብነት ማባበያ ማድረግ እንዴት ያለ ነገር ነው።

የነግዛው ግቢ ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ ነው። በሩ አረንጓዴ ቆርቆሮ ነው፤ ከበሩ ኋላ በጥቁር ላስቲክ የተሞሉ ችግኞች እስከ ወንዙ ጫፍ በመደዳ ይወርዳሉ። ግዛውና ሚስቱ ፅጌረዳ ከጋሞ መጥተው፣ መጀመሪያ ሸምበቆ እንጂ ምንም ያልነበረበትን ዳገት ደልድለው በሕጋዊ ይዞታ ያለሙት ነው። ፅጌረዳ በየዓመቱ ከተራ ሲደርስ የችግኝ ማጠጫውን ጎማ እስከ መንገዱ ስባ አቧራውን ታርሳለች። ለዘማሪዎቹ ውኃ በጆግ ታቀርባለች። ከቸርቿ የመጡ ሴቶች ለታቦት ነው ወይ የምታጠጪው ብለው ሲነዘንዟት፣ «ለአቧራው ነው» ትላለች። ዛሬም መንገዱን አርሳ፣ ጆጓን ይዛ በሯ ላይ ቆማለች። ግዛው ከጎኗ ነው።

ከምንጣፉ ወጣቶች ፊት የሚመራው ቱሉ የሚባል የሰፈሩ ልጅ ነው። ኋላ ያለውን እየጠቀለሉ ወደ ፊት ሮጠው ይዘረጋሉ። ከነግዛው በር ሲደርሱ መልአከ ገነት መስቀላቸውን ከፍ አደረጉ። ቱሉ ምን እንደሆነ ሳይገባው ጥቅሉን ይዞ ቆመ፤ ምንጣፉ እዚያው አለቀ።

ድምፅ ማጉያ የተጫነበት አይሱዙ ላይ ያለው ሰባኪ ተራውን ሲጠብቅ የቆየ ሰው ነው። የነገሩት ምንጣፉ ሲቆም ተናገር ብለው ነው። ምንጣፉ ቆመ፤ ተናገረ።

«ምእመናን! ታቦቱ ቆሟል! ቅዱስ ጊዮርጊስ አልሄድም ብሏል!»

ቄስ ከበበው በዚያን ጊዜ ገና ከጉቶዎቹ መደዳ ላይ ናቸው፤ እየተራመዱ ነው። ተአምሩ ታቦቱን ቀድሞ ደረሰ። ጥላውን የያዘላቸው ቄስ እንግዳ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለና፣ «ተነገረ እኮ፤ ይቁሙ እንጂ» አለ። እሳቸው አልቆሙም። አጠገባቸው ያሉት ሴቶች ካህኑ ሲራመድ በዐይናቸው እያዩ እልልታቸውን አቀለጡት። ዐይናቸው ካየው ይልቅ ማጉያው የነገራቸውን አመኑ። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ያንገሸግሸኛል፤ ግን በማን ላይ እንደምናደድ አላውቅም።

ከዚያ ሕዝቡ ተንበረከከ። መንገዱን ሞልቶ፣ ከምንጣፉ ጫፍ እስከ መታጠፊያው ማዶ ድረስ፣ አሮጊት፣ ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን ያዘለ፣ ሁሉም መሬት ላይ ሆነ። ቄስ ከበበው ከምንጣፉ ጫፍ ደረሱ። ቀጥሎ ያለው የሰው ጀርባ ነው፤ ሊረግጡት አይችሉም። ቆሙ። ከነግዛው በር ላይ፣ በተባለው ቦታ፣ በተባለው ሰዓት ልክ እንደታዘዘ ሰው ቆሙ።

እልልታው ሰማይ ደረሰ። መልአከ ገነት እጃቸውን ዘርግተው ምሕላውን ጀመሩ፤ እንባ ሳይቀር አወጡ። ሲራክ ማጉያውን ተቀብሎ ወደ አይሱዙው ወጣ።

«የተከበራችሁ የጥድ በር ነዋሪዎች» አለ። «መንግሥታችን የሕዝቡን እምነት ያከብራል። ዛሬ በዐይናችን ያየነውን ጥያቄ በባለቤትነት ይዘን እንሠራበታለን።»

አንድ ሰው ከመሐል፣ «ቦታውን ወደደው! ቦታው የጊዮርጊስ ነው!» አለ። ይህን እንዲል የተነገረው ይሁን ወይስ ከልቡ፣ አይታወቅም። ቀጥሎ የሆነው ግን ማንም ያዘዘው አይደለም። አንዲት ሴት ከግዛው በር ሥር አፈር ዘግና በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች። በረከት ነው አለች። ሌላዋ አየቻት። ወዲያው ሰው በሰው ላይ ተጋፍቶ ወደ ግቢው ጎረፈ። አፈሩን ይዘግናሉ፣ ችግኙን ከነላስቲኩ ይነቅላሉ፣ ቅጠሉን ሸምጥጠው ግንባራቸው ላይ ያሻሻሉ። አንዱ የረገጠውን ሌላው ይነቅለዋል። ከሁሉ የሚያስጠላው ክፋት አለመኖሩ ነበር፤ በፍቅር፣ እያለቀሱ፣ ስመው ነው የሚነቅሉት።

ግዛው ገና የሚገባውን ሊያግድ እጆቹን ዘርግቶ በሩ ላይ ቆመ። «ወገኖቼ፣ እባካችሁ። ገና ሥር አልያዘም። የምትፈልጉ ካላችሁ በኋላ እሰጣችኋለሁ፣ አሁን አትንቀሉት።»

«ዞር በል፣ ከጊዮርጊስ ጋር ልትታገል ነው?» አለው አንድ ጎልማሳ። ገፋው። ግዛው ወደ ውስጥ ወደቀ፣ የቆርቆሮው በርም ተገንጥሎ ላዩ ላይ ተደፋ፤ ሰዉ በቆርቆሮው ላይ ተረማምዶ ገባ። ቆርቆሮው ሥር ሰው እንዳለ ያየ አልነበረም።

ፅጌረዳ ጆጓን ጥላ ባሏን ከሥር ጎትታ አወጣችው። ክንዱ ደም ነው። ከዚያ ቀና ብላ ምንጣፉ ጫፍ ላይ የቆሙትን ካህን አየች። ለዓመታት ኮሶና ዋንዛ ሲገዙ የምታውቃቸውን ሰው።

«አባ ከበበው» አለች፤ አልጮኸችም። «ምን አደረግናችሁ?»

ቄስ ከበበው በክህነት ዘመናቸው ሁሉ ያልጣሱትን ጣሱ። ታቦቱ ከራሳቸው ላይ እያለ አፋቸውን ከፈቱ።

«የቆምኩት እኔ ነኝ!» አሉ። «መንገድ ዘግታችሁብኝ ነው የቆምኩት። ታቦቱ ምንም አላለም። የማንንም ቦታ አልጠየቀም። ተነሡ፣ አሳልፉኝ።»

ሰባኪው ማጉያውን መልሶ ይዞ አምባረቀ።

«ሰማችሁ ምእመናን! ዝም የሚለው ካህን ተናገረ! ቅዱስ ጊዮርጊስ አንደበቱን ከፈተለት!»

እልልታው ከመጀመሪያው በለጠ። አጠገባቸው ያሉት ቃላቸውን ጥርት አድርገው ሰምተዋል፤ ቢሆንም ቃሉን ሳይሆን መናገራቸውን ነው የያዙት። አንዲት እናት እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ፣ «ተናገረ፣ ለእኛ ለኃጥአን ተናገረ» እያለች ታለቅስ ነበር። ቄስ ከበበው እውነቱን ሌላ ጊዜ በሌላ ቋንቋ ቢደግሙላት ኖሮ ሌላ ተአምር ታደርገው ነበር።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ታያቸው፤ ያዩትንም ወዲያው ጠሉት። እዚህ መንገድ ላይ እውነት ብናገር የሚሰማኝ የለም፤ ብዋሽ ግን ይሰሙኛል፣ አሉ በልባቸው። ታቦት በከተራ ቀን ወደ ውኃ ይወርዳል። ከመንገድ የሚመለስ ታቦት አይታወቅም፤ ከተመለሰ ተቆጥቷል ማለት ነው፣ ከተቆጣ ደግሞ ቸነፈር ነው፣ ረሀብ ነው፣ ጦርነት ነው። ይህን ከጥድ በር ሕፃን እስከ ሽማግሌ ሁሉም ያውቃል። ለዘመናት የቆየው ፍርሃት በካህኑ ሁለት እግሮች ላይ ነበር። መልአከ ገነት የለመኗቸውን ውሸት እምቢ ብለው መጥተው፣ አሁን ከዚያ የባሰውን በገዛ ፈቃዳቸው ሊሠሩት ነው። ከግቢው ውስጥ የላስቲክ መቀደድ ይሰማል። የግዛው ደም ከክንዱ ወርዶ ከገዛ አፈሩ ጋር ተደባልቋል።

ዞሩ።

ከምንጣፉ ወርደው፣ ፅጌረዳ ያራሰችውን ጭቃ ረግጠው፣ ዳገቱን ወደ ላይ ያዙት። መጀመሪያ ያየው ቱሉ ነው፤ የምንጣፉን ጥቅል ከእጁ ጣለ። ከዚያ አንዲት አሮጊት፣ «ተመለሰ» አለች፣ በቀስታ። ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ ሄደ፤ የሄደበት ቦታ ሁሉ እልልታው ይጠፋል። ግቢው ውስጥ ያሉት ሰዎች የነቀሉትን ይዘው ክው ብለው ቀሩ፤ አንዳንዱ ጥሎት ሮጠ፣ አንዳንዱ በእጁ እየጫረ መልሶ ሊተክል ሞከረ። ግዛውን የገፋው ጎልማሳ የወደቀውን በር ብቻውን አንሥቶ ሊያቆም ይታገል ጀመር።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ሲራክ ወደ መልአከ ገነት ተጠግቶ። «ይሄ እኮ በፕሮግራሙ ላይ የለም።»

መልአከ ገነት ዳገቱን የሚወጣውን ታቦት ዐይናቸውን ሳይነቅሉ ያዩ ነበር።

ቄስ ከበበው ያን ዳገት እንዴት እንደወጡት አያውቁም። ከኋላቸው «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» የሚል ለቅሶ ይከተላቸዋል፤ የሺህ ሰው ለቅሶ ነው። ሰው ደረቱን ይደቃል፣ ሕፃናት እናቶቻቸው ስላለቀሱ ያለቅሳሉ። አንድም የሚያስለቅስ ነገር አልነበረም። ያስለቀሷቸው እሳቸው ናቸው። ያን አለቃ፣ ያን ሹም ሲጸየፉ የቆዩበትን ጸያፍ አሁን በገዛ አፋቸው ውስጥ ቀመሱት፤ መራራ ነበር፣ ሊተፉት ቢሹም ታቦት ተሸክሞ አይተፋም።

ታቦቱን ወደ መንበሩ መልሰው፣ ዕቃ ቤት ገብተው ልብሰ ተክህኖውን ሲያወልቁ መልአከ ገነት ገቡ። ቄስ እንግዳን ውጭ አቁመው በሩን ዘጉት። ቄስ ከበበው ግዝት ጠበቁ፤ ቢገዝቷቸው ደስ ባላቸው ነበር። መልአከ ገነት ግን ላባቸውን በሐር መሐረቡ ጠርገው ወንበር ሳቡና ተቀመጡ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። የተማሪው ቅኔ እንዳማረለት መምህር ነበር ፊታቸው።

«ለካ ይችሉበታል» አሉ።

ቄስ ከበበው ልብሰ ተክህኖውን አውልቀው ሰቀሉት።

«እኔ ሁልጊዜ ማስቆም ብቻ ነበር የሚታየኝ። መመለስ ትዝ ብሎኝም አያውቅ። ሕዝቡን አይተውታል? ዛሬ ማታ ክተት ቢሉት ይከታል።» ጎንበስ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የነግዛውን ነገር ይርሱት። ከእንግዲህ ያንን ግቢ ማንም አይደፍረውም፤ ወረዳውም ይፈራዋል። ግን ቦታ እሱ ብቻ አይደለም። ለሚመጣው ዓመት ቀደም ብለን እንነጋገር፤ ሲራክንም መሐል አናስገባው፣ እኛው እንበቃለን።»

ቄስ ከበበው ጥምጣማቸውን ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ማጠፍ እንኳ አላጠፉትም። በሩን ከፍተው ባዶ ራሳቸውን ወጡ።

ግቢው ሙሉ ሰው ነው፤ ከመሬት ያልተነሣ ሰው። ሲያዩዋቸው መንገድ ለቀቁላቸው፤ የነካቸውን ነጠላ የሚስም፣ ጥላቸው ያረፈበትን መሬት የሚሳለም አለ። ያቺ በመንገዱ ላይ ስታለቅስ የነበረችው እናት ከመሐል ተወርውራ ቀኝ እግራቸው ላይ ወደቀች። ጭቃው ገና አልደረቀም።

«ልቀቂው» አሉ ቄስ ከበበው፣ እግራቸውን እየነጠቁ። «አትሳሚው፣ እናቴ። ይሄ እግር ዋሽቷል።»

ሴትየዋ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ቀና ብላ አየቻቸው። ከዚያ ግራውን ሳመችው።